ፒሳ በሜሎሪያ የተሸነፈችው በክህደት ነውን?

ጥያቄ፦ «በ1284 በሜሎሪያ በተደረገው የባሕር ውጊያ ፒሳ በጄኖዋ የተሸነፈችው ኮንት ኡጎሊኖ መርከቦቹን ይዞ ስለሸሸ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሰውየው በእርግጥ ከዳተኛ ነበር? ደግሞስ አንዲት ትልቅ ከተማ በአንድ ቀን ውጊያ እንዴት እንዲያ ልትደቅቅ ቻለች? ዛሬ ወደ ቦታው የሚሄድ ሰው የሚያየው ነገርስ አለ?»

ምላሽ፦

አጭሩ መልስ ይቅደም። በውጊያው ከፒሳ አዛዦች አንዱ የነበረው ኡጎሊኖ ዴላ ጌራርዴስካ በውጊያው ዕለት ከተማውን ሸጠ የሚለው ክስ የገነነው ዘግይቶ፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው፤ እኔም አልቀበለውም። ፒሳን በባሕር ላይ የጣላት ከቁጥር ሳታስገባው የቀረችው ሁለተኛ የመርከብ ረድፍ ነው። ያደቀቃት ደግሞ ጄኖዋ ከድሉ በኋላ ምርኮኞቹን ይዛ ያደረገችው ነገር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክህደት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከባሕሩ አንስቶ ወደ እስር ቤቱ ቢያዞር ይሻለዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያን የሚባል መንግሥት አልነበረም። ጄኖዋም ፒሳም የራሳቸው ሕግ፣ የራሳቸው ገንዘብ፣ የራሳቸው ጦርና መልእክተኛ የነበራቸው፣ ለማንም ንጉሥ በቀላሉ የማይታዘዙ ከተሞች ነበሩ። አብረው የዘመቱበት ጊዜም ነበር፤ በ1087 በዛሬዋ ቱኒዝያ ጠረፍ የምትገኘውን ማህዲያን ያጠቁት ተባብረው ነው። ሆድና ጀርባ ያደረጓቸው ሁለቱ ትልልቅ ደሴቶች፣ ኮርሲካና ሰርዲኒያ ናቸው። ኮርሲካ ከጄኖዋ ወደ ደቡብ በሚወስደው የባሕር መንገድ ላይ ተጋርጣ የተቀመጠች ናት። ሰርዲኒያ ደግሞ እህል፣ ጨው፣ ቆዳና ብር ይወጣባታል። ኡጎሊኖ ራሱ በደቡብ ምዕራብ ሰርዲኒያ ዛሬ ኢግሌዝያስ በምትባለው የብር ማዕድን ከተማ ላይ ጌታ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ሰርዲኒያ ከፒሳ እጅ ብትወጣ ኪሱ ቀድሞ የሚራቆተው እርሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ይህን ውጊያ በዘመኑ ጣሊያንን ለሁለት ከፍሎ ያባላው የጉዌልፎችና የጊቤሊኖች ጠብ አካል አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ጉዌልፎች በጠቅላላው የሮማውን ጳጳስ፣ ጊቤሊኖች የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት የሚደግፉ ወገኖች ነበሩ። ፒሳ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝነቷን ያላጓደለች ከተማ ናት። ግን ጄኖዋን ከ1270 ጀምሮ «የሕዝብ አለቆች» በሚል ማዕረግ የሚያስተዳድሯት ኦቤርቶ ዶሪያና ኦቤርቶ ስፒኖላም ጊቤሊኖች ነበሩ። ስለዚህ በሜሎሪያ የተፋጁት የአንድ ወገን ሰዎች ናቸው። ጠቡ የገበያና የመርከብ መንገድ ጠብ ነው፤ የወገን ስም ብቻውን አይፈታውም።

ቂምም ነበረ። በ1241 የፒሳ መርከቦች ከንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ መርከቦች ጋር ሆነው፣ ጳጳስ ግሪጎሪዮስ 9ኛ ወደ ጠሩት ጉባኤ ጳጳሳትን ጭነው ይሄዱ የነበሩ የጄኖዋ መርከቦችን ጂሊዮ በተባለች ደሴት አጠገብ ጠብቀው ማርከዋል። ጄኖዋ ይህን አልረሳችም። እሳቱን እንደገና የጫረው ግን ኮርሲካዊ ባላባት ነው። ሲኑቼሎ የሚባለው የቺናርካ ዳኛ በ1282 ከጄኖዋ ጋር ተጋጭቶ ወደ ፒሳ ሸሸ፤ ፒሳም «የእኛ ሰው ነው፣ አሳልፈን አንሰጥም» አለች። ሁለት ዓመት በመርከብ ዘረፋና በአጸፋ አለፈ። በ1284 የጸደይ ወራት በሰርዲኒያ ዳርቻ ታቮላራ አጠገብ ጄኖዋዎች ወደ ደሴቲቱ የሚሄድ የፒሳ ጓድ መትተው መርከቦች ማረኩ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ያላቸውን መርከብ ሁሉ ማውጣት ጀመሩ።

የፒሳ እቅድ እንደሚባለው የሞኝ እቅድ አልነበረም። የጄኖዋ ኃይል ተከፍሎ ነበርና ቤኔዴቶ ዛካሪያ የሚባለው ስመ ጥር የባሕር አዛዥ ጋሌ የሚባሉ በመቅዘፊያ የሚሄዱ 30 የጦር መርከቦች ይዞ በሰርዲኒያ ውኃ ላይ ነበር። እርሱ ከመመለሱ በፊት ዋናውን ኃይል በገዛ ወደቡ መምታት ይቻላል ብለው አሰቡ። በሐምሌ ወር ወደ ሰሜን ቀዝፈው እስከ ጄኖዋ ጠረፍ ዘለቁ። የብር ጫፍ ያላቸው ቀስቶች ወደ ወደቡ ወረወሩ የሚል ወሬ አለ፤ ጉራው የፒሳዎችን ጠባይ የሚመስል ቢሆንም ወሬውን ከወሬነት አላልፈውም። ሆኖም ዛካሪያ ቀደማቸው፤ ሁለቱ የጄኖዋ ኃይሎች ተገናኙ። ፒሳዎችም ወደ ቤታቸው ዞሩ፤ ጄኖዋዎች ተከተሏቸው።

አዛዦቹን ላስተዋውቅ። በዘመኑ የጣሊያን ከተሞች በውስጥ ቤተሰቦቻቸው መካከል አድልዎ እንዳይኖር ብለው ፖዴስታ የሚባል ዳኛና አስተዳዳሪ ከሌላ ከተማ በደመወዝ ይቀጥሩ ነበር። በዚያ ዓመት የፒሳ ፖዴስታ አልቤርቶ ሞሮዚኒ የተባለ የቬኒስ መኳንንት ልጅ ነው። ዋናው የጦር አዛዥ እርሱ ሲሆን ኮንት ኡጎሊኖና አንድሬኦቶ ሳራቼኖ አብረውት ይመራሉ። ሦስት ራስ ያለው አዛዥነት ነው፤ ይህ ብቻውን ለሽንፈት በቂ ምክንያት ባይሆንም ለድል እንደማይረዳ ግልጽ ነው። በጄኖዋ በኩል ትእዛዙ በኦቤርቶ ዶሪያ እጅ ነበር። ወንድሙ ጃኮፖ ዶሪያ የጄኖዋን ይፋዊ ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ውጊያውን የምናውቀው በአብዛኛው ከአሸናፊው ቤተሰብ ብዕር ነው። ይህን እያሰቡ ማንበብ ይገባል።

አሁን ስለ ጋሌ ጥቂት ላቁም፤ ያለዚህ የኋላው ታሪክ አይገባም። ጋሌ ርዝመቱ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ፣ ወርዱ 5 ሜትር እንኳ የማይሞላ ቀጭን የጦር መርከብ ነው። ሸራ አለው፤ በውጊያ ጊዜ ግን ሸራው ተጠቅልሎ የሚሄደው በመቅዘፊያ ነው። በዚህ ዘመን ከመቶ በላይ ቀዛፊዎች፣ በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መቅዘፊያ ይዘው ይቀመጣሉ። ጎኑ ከውኃው ብዙ ከፍ አይልም፤ ማዕበል ሲነሣ የቀዛፊው ጭን ይርሳል። ብዙ ሰው ቀዛፊ ሲባል በሰንሰለት የታሰረ ባሪያ ወይም ወንጀለኛ ይታየዋል። ያ ከዚህ ዘመን በኋላ በመጡት መቶ ዓመታት የተስፋፋ ልማድ ነው። በ1284 የፒሳና የጄኖዋ ቀዛፊ በደመወዝ የሚሠራ ነጻ ሰው ነው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ጫማ ሰፊ፣ አናጢ፣ ከገጠር የመጣ ጎልማሳ። ሁለት መርከቦች ሲነካኩ መቅዘፊያውን ጥሎ መሣሪያ ያነሣል። በላዩ ላይ ቀስተኞች፣ መርከበኞችና የጦር ልብስ የለበሱ የባላባት ልጆች ይሳፈራሉ። በአንድ ጋሌ ላይ ከ150 እስከ 200 ሰው ቢኖር አይበዛም። ፒሳ ያሰለፈችው 72 ጋሌ ነው። ማባዛቱን ለአንባቢው እተወዋለሁ፤ ብቻ የከተማዋ ሕዝብ በጠቅላላው ወደ 40 ሺህ እንደሚገመት አብራችሁ ያዙ።

ዕለቱ ነሐሴ 6 ቀን ነበር፤ የቅዱስ ሲክስቱስ በዓል። በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ ነሐሴ 13 ቀን 1276 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ በይኩኖ አምላክ ዘመን መሆኑ ነው፣ ቀኑም ደብረ ታቦር። ለፒሳዎች የሲክስቱስ ቀን የዕድል ቀን ነበር። በ1087 ማህዲያን ያጠቁት በዚሁ ዕለት ስለሆነ በከተማቸው እምብርት ቤተ ክርስቲያን ሠርተውለታል፤ የከተማው ምክር ቤትም እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ከወደቡ ለመውጣት ይህን ቀን መምረጣቸው እምነትም ነው፣ ትዕቢትም ነው። ሊቀ ጳጳሱ በአርኖ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመው መርከቦቹን ሲባርኩ የሰንደቁ ጫፍ ተሰብሮ ወደቀ፣ ፒሳዎችም «ነፋሱ ከእኛ ጋር ይሁን እንጂ» ብለው ሳቁ የሚል ተረትም አለ። እንዲህ ያለ ምልክት ሁልጊዜ የሚታወሰው ከሽንፈት በኋላ ነው።

ሜሎሪያ ከዛሬዋ የሊቮርኖ ከተማ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከውኃ በታች የተጋደመ ድንጋያማ ጥልቀት የለሽ ቦታ ነው። ከኋላው በየብሱ በኩል ፖርቶ ፒሳኖ የሚባለው የፒሳ ወደብ አለ። የወደቡ አፍ በማማዎች የሚጠበቅና በብረት ሰንሰለት የሚዘጋ ስለነበረ በውስጡ የተጠለለ መርከብ በቀላሉ አይደፈርም። የኦቤርቶ ዶሪያ ችግርም ይኸው ነበር። የእርሱና የዛካሪያ ኃይል ሲደመር 88 ጋሌ ነው፤ ፒሳዎች ይህን ሁሉ ካዩ ሰንሰለታቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ፣ እርሱም ወደቡ አፍ ላይ ስንቁን እየጨረሰ ይጠብቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ረድፍ 58 ጋሌና ፓንፊሎ የሚባሉ ጥቂት ቀላል መርከቦች አሰልፎ ወጣ። የዛካሪያን 30 ጋሌዎች ምሰሶአቸውን አውርደው ራቅ ብለው ከኋላ እንዲቆዩ አደረገ። ምሰሶ የሌለው ጋሌ ከሩቅ ሲታይ ከአድማስ ጋር ይመሳሰላል። ፒሳዎች ያዩአቸው እንደሆነም የስንቅና የአጃቢ ጀልባዎች መሰሏቸው።

እንግዲህ የፒሳን አዛዦች በሞኝነት ከመክሰሳችን በፊት በእነርሱ ቦታ ሆነን እንቁጠር። በእጃቸው 72፣ ፊት ለፊታቸው 58። ከወደባቸው አፍ ላይ ናቸው፤ የቅዱሳቸው ቀን ነው፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ጠላታቸውን በደጁ ተገዳድረው ተመልሰዋል። የማይወጣ ማን ነው? የዶሪያ ብልሃት ፒሳዎችን መምታቱ ላይ ሳይሆን ማስወጣቱ ላይ ነው። የውጊያው ግማሽ ያለቀው የመጀመሪያው ቀስት ሳይወረወር ነው።

ሁለቱ ረድፎች ጎን ለጎን እንደተሰለፉ ተጠጉ። በመጀመሪያ የሚናገረው በማስፈንጠሪያ የሚተኮሰው ቀስት ነው፤ የጄኖዋ ቀስተኞች በዚህ ሙያ በመላው አውሮፓ ስማቸው የተጠራ ነው። መርከቦቹ ሲቀራረቡ የሚወረወረው ነገር ይለወጣል። ዓይን የሚያጠፋ የኖራ ዱቄት በሸክላ ታጭቆ ይወረወራል፤ የጠላት ወለል እንዲያንሸራትት የሚቀልጥ ሳሙና ይፈስሳል፤ የፈላ ዘይትና ድንጋይ ይወርዳል። ከዚያ መርከቡ የጠላትን መቅዘፊያዎች እየሰባበረ በጎኑ ይገባል። መቅዘፊያው የተሰበረበት ጋሌ ክንፉ እንደተመታ ወፍ ባለበት ይዞራል። ከዚህ በኋላ የባሕር ውጊያ የሚለው ስም አይሠራም፤ በሚንቀጠቀጥ ጠባብ ሳንቃ ላይ የሚደረግ የጩቤና የመጥረቢያ ግድያ ነው። የጦር ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ውኃው ከወደቀ አይመለስም።

ለረጅም ጊዜ ሚዛኑ ወደ ማንም አላጋደለም። የዛካሪያ 30 ትኩስ ጋሌዎች ምሰሶአቸውን ሳያነሡ ቀዝፈው በደከመው የፒሳ ጎን ላይ ሲደርሱ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በሁለት ጋሌዎች መካከል ሰንሰለት ወጥረው የፒሳን ዋና መርከብ የሰንደቅ ምሰሶ ጎትተው ጣሉት ተብሎ ይተረካል። በዝርዝሩ ብንጠራጠር እንኳ ሰንደቁ መማረኩ አያጠራጥርም። በዚያ ጩኸትና ጭስ ውስጥ አዛዡ የት እንዳለ የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነው፤ ሲወድቅ ሌላው እግሬ አውጪኝ ይላል። ሞሮዚኒ ራሱ ተማረከ። ወደ 30 የሚሆኑ የፒሳ ጋሌዎች በጄኖዋ እጅ ገቡ፣ ጥቂቶች ሰመጡ፣ የቀሩት ወደ ወደቡ ሸሹ። ከሸሹት መካከል ኡጎሊኖ ነበረበት።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኡጎሊኖ ሸሽቷል፤ ይህ አያከራክርም። መሸሽና መክዳት ግን አንድ አይደሉም። ጎኑ የተሰበረ ረድፍ ውስጥ ያለ አዛዥ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ መርከቦቹን ማስማረክ ወይም የሚድነውን ማዳን። በጄኖዋ በኩል የተጻፈው ታሪክ በውል የተገዛ ሰው እንደነበራቸው አይናገርም። ድል ያገኘ ሰው ድሉን ለብልሃቱ ቢሰጥ አይገርምም ቢባል እንኳ ሌሎች ነገሮች አሉ። ከኡጎሊኖ ልጆች አንዱ ሎቶ በዚያው ውጊያ ተማርኮ ጄኖዋ ታስሯል። የሰርዲኒያ ብር በማን እጅ እንደነበረም ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፒሳ ሕዝብ ራሱ ያደረገው ነው። ሽንፈቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ፣ ኡጎሊኖን ፖዴስታ አድርጎ ሾመው፤ ብዙም ሳይቆይ የሥልጣን ዘመኑን ወደ አሥር ዓመት አራዘመለት። ልጆቹን፣ ወንድሞቹን ያጣ ከተማ ከዳተኛ ብሎ ያመነውን ሰው በራሱ ላይ አያነግሥም።

ታዲያ ክሱ ከየት መጣ? ከምሽጎቹ። በ1284 መኸር ጄኖዋ ከፍሎሬንስና ከሉካ ጋር ተማምላ ፒሳን በየብስም በባሕርም ከበበቻት። ኡጎሊኖ ይህን ማኅበር ለመበተን ለፍሎሬንስና ለሉካ አንዳንድ የፒሳ ምሽጎችን ለቀቀላቸው። ከተማዋ ያን ጊዜ መተንፈሻ ያገኘችው በዚህ ነው፤ ሰውየው ግን «ምሽግ ሻጭ» የሚል ስም ወጣለት። ዳንቴ በሲኦል ግጥሙ 33ኛ ክፍል ላይ ኡጎሊኖን ሲያነሣ የሚጠቅሰው ክስ ይኸው ነው፤ ምሽጎቹን አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ይወራበት እንደነበር ይናገራል እንጂ ስለ ሜሎሪያ ቃል አይተነፍስም። ፒሳን አምርሮ የሚጠላ ፍሎሬንሳዊ ገጣሚ እንዲህ ያለ ወሬ በጊዜው ቢያገኝ ይተወው ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። የሜሎሪያው ክህደት በኋላ የተለጠፈ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ሁለተኛው የጥያቄው ክፍል ይበልጥ የሚከብድ ነው። ከተሞች መርከብ ያጣሉ፣ ይሠራሉም። ጄኖዋም ቬኒስም ከዚህ በፊትም በኋላም ትልልቅ ሽንፈት ደርሶባቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሰው ባሕር ላይ ታይተዋል። ፒሳ ያጣችው ግን ሰውን ነው። ብዙ ሺህ ሞተዋል፤ በሕይወት ተይዘው ወደ ጄኖዋ የተወሰዱት ደግሞ በጄኖዋ በኩል በተመዘገበው ቁጥር ከ9 ሺህ በላይ ናቸው። ከላይ የተውሁላችሁን ስሌት እዚህ አምጡት። ለአካለ መጠን ከደረሱት የከተማዋና የአካባቢዋ ወንዶች ውስጥ ምን ያህሉ እንደጎደሉ ይታያችኋል። ዳኞች፣ የውል ጸሐፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ መርከብ ሠሪዎች ከነተለማማጆቻቸው ሄደዋል። ፒሳ በምትገኝበት በቶስካና ምድር «ፒሳን ማየት የሚፈልግ ጄኖዋ ይሂድ» የሚል አባባል የወጣው ያን ጊዜ ነው።

የዘመኑ ልማድ ምርኮኛን በቤዛ መልቀቅ ነበር። ጄኖዋ ይህን በጅምላ ለማድረግ እምቢ አለች። ምክንያቱ ሲነገር፣ ባሎቻቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ የፒሳ ሴቶች ሌላ ማግባት አይችሉም፣ ልጅም አይወለድም፣ ከተማዋም ተዋጊ የሚሆን ትውልድ አታፈራም ተብሎ ታስቦ ነው ይባላል። በምክር ቤት ተመክሮበት የተወሰነ ነገር ይሁን አይሁን፣ ያስከተለው ውጤት ይኸው ነው። የዘመኑ ፍራንቸስካዊ መነኩሴና ዜና ጸሐፊ ሳሊምቤኔ፣ የፒሳ ሴቶች ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በቡድን በቡድን ሆነው በእግራቸው ወደ ጄኖዋ ይጓዙ እንደነበር ጽፏል። ደርሰው ሲጠይቁ፣ ጠባቂዎቹ ትናንት ይህን ያህል ሞቱ፣ ዛሬም ይህን ያህል ሞቱ፣ ወደ ባሕር ጣልናቸው ይሏቸው ነበር።

ምርኮኞቹ ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። ከመካከላቸው ሕግ አዋቂና የውል ጸሐፊ ሞልቶ ስለነበር በእስር ቤት ውስጥ ማኅበር አቋቋሙ፣ «በጄኖዋ የታሰሩ የፒሳ እስረኞች ማኅበር» የሚል የራሳቸውን ማኅተም አስቀረጹ፣ በስማቸው ደብዳቤ ይልኩና ውል ይዋዋሉ ጀመር። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ማኅተም የሚያስደንቀኝ ነገር የለም። ከተማዋ በሁለት ቦታ ላይ ነበረች ማለት ይቻላል፤ አንደኛው መንግሥት በአርኖ ዳር፣ ሁለተኛው በጠላት እስር ቤት ውስጥ።

የእነዚህ እስረኞች ጉዳይ ለእኛም የሚደርስ ጫፍ አለው። ሩስቲኬሎ የሚባል የፒሳ ተራኪ በ1298 ጄኖዋ እስር ቤት ውስጥ ነበር፤ የሜሎሪያ ምርኮኛ ሳይሆን አይቀርም ብለው አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። በዚያው እስር ቤት አንድ የቬኒስ ነጋዴ አገኘ፤ ማርኮ ፖሎ ይባላል። አንደኛው ተናገረ፣ ሁለተኛው ጻፈ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሐበሻ አገር የሚያወራ ምዕራፍ አለ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ ወደ ኢየሩሳሌም ስለላከው ጳጳስ፣ ጳጳሱን ስላዋረደው የኤደን ሱልጣንና ንጉሡ በ1288 ስለወሰደው የበቀል ዘመቻ። ዓመቱ በይግባ ጽዮን ዘመን ላይ ይወድቃል። ትረካው ከተረት የተቀየጠ ቢሆንም ስለ አገራችን በአውሮፓ ከተነበቡት ቀደምት ወሬዎች አንዱ ከፒሳ ምርኮኛ እጅ የወጣ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

አሁን ስለ ኡጎሊኖ እውነተኛ ጥፋት መናገር ይቻላል። በሚያዝያ 1288 ምርኮኞቹ ራሳቸው በተደራደሩበት ጥረት በሁለቱ ከተሞች መካከል ሰላም ተፈረመ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ በሰርዲኒያ የካልያሪን ምሽግ መልቀቅንም ይጨምራል። ኡጎሊኖ ውሉ እንዲፈጸም አልቸኮለም። ለሰርዲኒያ አስቦ ነው ሊባል ይችላል። ሌላው ምክንያት ግን ይበልጥ ያሳምነኛል፤ በጄኖዋ የታሰሩት የፒሳ ትልልቅ ቤተሰቦች ቢመለሱ የእርሱ ብቸኛ ሥልጣን በማግሥቱ ያበቃ ነበር። ከልጅ ልጁ ከኒኖ ቪስኮንቲ ጋር ሥልጣን እየተካፈለ፣ እየተጣላም፣ ጊዜ ገዛ። በዚህ መካከል ምርኮኞቹ ይሞቱ ነበር። ከዳ ከተባለ እዚህ ላይ ነው የከዳው።

በሐምሌ 1288 መባቻ በሊቀ ጳጳስ ሩጄሪ የሚመሩት ባላንጣዎቹ ተነሡበት። ከሁለት ልጆቹና ከሁለት የልጅ ልጆቹ ጋር በጓላንዲ ቤተሰብ ማማ ውስጥ ታሰረ። በመጋቢት 1289 ምግብ ተከልክለው አምስቱም በረሃብ ሞቱ፤ የማማው ቁልፍ አርኖ ወንዝ ውስጥ ተጣለ ይባላል። ሰላሙም አብሮ ፈረሰ። በ1290 ጄኖዋዎች ፖርቶ ፒሳኖን ወርረው ማማዎቹን አፈረሱ፣ የወደቡን ሰንሰለትም በጥሰው ወስደው በከተማቸው በሮች ላይ ሰቀሉት። ምርኮኞቹ የተለቀቁት በ1299 ለ25 ዓመት በተፈረመው የተኩስ አቁም ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሕይወት የተመለሱት ጥቂቶች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ማረም አለብኝ። ጥያቄው ውስጥ እንዳለው ፒሳ በዚያ ቀን አልሞተችም። በ1315 በሞንቴካቲኒ ፍሎሬንስን በየብስ ላይ ክፉኛ ደቁሳለች። ካልያሪንም ይዛ ቆይታ በ1320ዎቹ የቀማቻት ጄኖዋ ሳትሆን የአራጎን መንግሥት ናት። ለውድቀቷም ሌላ ምክንያት አለ፤ አርኖ የሚያመጣው ደለል የወደቡን አካባቢ ይሞላው ነበር፣ ረግረጉ ወባ ያፈራ ነበር፣ ፍሎሬንስም ሸቀጧን በሌላ በር ማውጣት ትፈልግ ነበር። በ1406 ፍሎሬንስ ከተማዋን ያዘቻት። ሜሎሪያ ያደረገው፣ እነዚህ ችግሮች በመጡ ጊዜ የሚቋቋም ትውልድ እንዳይኖር ማድረጉ ነው። የባሕር ኃይል መርከብ ብቻ አይደለም፤ ነፋስ የሚያውቅ፣ ገመድ የሚያውቅ፣ ወደብ የሚያውቅ ሰው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው። ያ ሰንሰለት በፒሳ ለአሥራ አምስት ዓመት ተቋርጧል።

ለጉብኝት ከሆነ፣ ከፒሳ ይጀምሩ። በዓለም የታወቀው ዘማማ ግንብ ሥራው በ1272 ከተቀጠለ በኋላ እንደገና የተቋረጠው በሜሎሪያ ጊዜ ነው፤ ሰባተኛው ፎቅ ያለቀው በ1319 ነው። ከግንቡ አጠገብ ባለው ካምፖሳንቶ በሚባለው ታሪካዊ የመቃብር ሕንፃ ውስጥ የፖርቶ ፒሳኖ ሰንሰለት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ጄኖዋ የመለሰችው በ1860፣ ጣሊያን አንድ መንግሥት በምትሆንበት ወቅት ነው። ኡጎሊኖ የሞተበት ማማ በካቫሊየሪ አደባባይ ባለው የሰዓት ሕንፃ ውስጥ ተውጦ ይገኛል፤ ካልተነገረዎት ሳያዩት ያልፋሉ። በጄኖዋ የዶሪያ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ሳን ማቴዮን ይጎብኙ፤ ፊቱ ላይ ከተቀረጹት ጽሑፎች አንዱ የሜሎሪያን ድል ይተርካል። ከዚያ በእግር ካምፖ ፒዛኖ ወደሚባለው ትንሽ አደባባይ ይውረዱ፤ ስሙን ያገኘው በእስር ሳሉ ሞተው እዚያ ከተቀበሩት የፒሳ ምርኮኞች ነው። ሜሎሪያ ራሷ ዛሬ የተጠበቀች የባሕር ክልል ስትሆን ከሊቮርኖ በጀልባ ይደረስባታል። በላይዋ ላይ የቆመው ማማ ግን ከውጊያው ብዙ ዘመን በኋላ የተሠራ ስለሆነ አስጎብኚው የ1284 ነው ቢልዎት አይመኑት።